በአንድ መርከብ ላይ፦ የምድርና የድሃ ሐቅ ለምን አይነጣጠሉም?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ አካባቢ ጥበቃ ወሬ ሲነሳ በግቢያችን ሁለት ዓይነት መልስ መስማት የተለመደ ነው። አንዱ «ሰው ሳይበላ ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። ሌላው «ይሄ የኤንጂኦ ሥራ ነው፤ እኛ መጀመሪያ ዲናችንን እንማር» ይላል። ሁለቱም ከክፋት የሚነሱ አይደሉም። አንዱ ለድሃው አዝኖ ነው፤ ሌላው ለዲኑ ተቆርቁሮ ነው። ሆኖም ሁለቱም በአንድ ግምት ላይ ቆመዋል፤ የምድር ጉዳይ ለብቻው፣ የሰው ጉዳይ ለብቻው ነው በሚል ግምት።

በዚህ ጽሑፍ ግምቱን እንመረምራለን። መጀመሪያ ከዲናችን ሁለት መሠረቶችን እናያለን። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ፣ በዛንዚባርና በግብፅ ለምድርም ለሰውም ፍትሕ የፈለጉ ሦስት ሙስሊሞች ምን እንደሠሩ እንቃኛለን። ከሦስቱ የአንደኛው ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል፤ ከእሱም የምንማረው አለ። መጨረሻ ላይ ኢንሻአላህ ወደ ራሳችን ግቢ እንመለሳለን።

የመርከቡ ምሳሌ

ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን ድንበር የሚጠብቁና የሚጥሱ ሰዎችን አንድ መርከብ ላይ በዕጣ ቦታ በተከፋፈሉ ተሳፋሪዎች መስለዋቸዋል። ለከፊሎቹ የላይኛው ክፍል ደረሳቸው፤ ለሌሎቹ የታችኛው። የታችኞቹ ውሃ ሲፈልጉ በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። በመጨረሻ እነሱን ከምናስቸግር በራሳችን ድርሻ ላይ ቀዳዳ ብናበጅስ ብለው አሰቡ። የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ።

ዑለማዎች ይህንን ሐዲስ በዋናነት የሚያነሱት በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ግዴታ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የታችኞቹ መርከቡን ለመስበር የተነሱት ጠላት ስለሆኑ አልነበረም። ውሃ ፈልገው ነው። እንዲያውም ሐሳባቸው የላይኞቹን ላለማስቸገር ነበር። ስለዚህ የላይኞቹ ሥራ እጅ በመያዝ ብቻ የሚያበቃ አይመስልም። እጁን የያዙት ሰው ነገም ይጠማል፤ ውሃ የሚያገኝበት ቀና መንገድ ካላገኘ ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣል።

ተራራው ላይ የቀረውን ዛፍ ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ገበሬ፣ ዳገቱን አርሶ አፈሩን ለጎርፍ የሚሰጠው ገበሬ፣ ማለዳ የማገዶ ሸክም ተሸክማ ወደ ከተማ የምትወርደው እናት፣ ሁሉም ከመርከቡ የታችኛው ክፍል ናቸው። ዛፉን እናድን ብለን እነሱን ብንረሳ ቀዳዳው አይደፈንም። እነሱን እንርዳ ብለን ዛፉን ብንረሳ ደግሞ የሚጠቀሙበት መርከብ አይኖርም።

ዑመር (ረ.ዐ) እና የግጦሽ መሬቱ

ሁለተኛው መሠረት ሒማ ነው። ሒማ ማለት ሣሩና ዛፉ እንዲያገግም ወይም ለተወሰነ ዓላማ እንዲውል የተከለለ መሬት ነው። ከእስልምና በፊት ኃያል የሆነ የጎሳ አለቃ ለም መሬቱን ለራሱ መንጋ ይከልል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን አስቀርተው ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ብቻ እንደሆነ ደነገጉ። ይህም ማለት ክለላ ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ለግለሰብ ጉልበት መሣሪያ አይሆንም ማለት ነው። በሌላ ሐዲስም ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል።

በኸሊፋው በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ቡኻሪ እንደዘገቡት ዑመር ሁነይ የሚባል ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙ ሰዎችን በደል ከማድረስ እንዲጠነቀቅ፣ የተበዳይንም ዱዓእ እንዲፈራ አዘዙት። ከዚያ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው ሰው እንዲገባ ፍቀድለት አሉት። የዓብዱራሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዓፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ ነገሩት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። የሁለቱ ባለጸጎች ከብት ቢያልቅ የተምር እርሻና አዝመራ አላቸው። የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ እርዳታ ፍለጋ ይመጣል። ለእሱ ደግሞ ሣርና ውሃ መስጠት ወርቅና ብር ከመስጠት ይቀላል።

ዓብዱራሕማንና ዑስማን (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሓቦች ናቸው። ዑመር የከለከሏቸው ጥፋት ስላገኙባቸው አይደለም፤ መሬቱ ሁሉን መሸከም ስለማይችል ማን ቅድሚያ ይገባዋል የሚለውን ለይተው ነው። ዛሬ «የአካባቢ ፍትሕ» በሚባለው ዘርፍ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው። ገደብ ማበጀት ግድ ሲሆን ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ ይረፍ? ብዙ ጊዜ መልሱ በድሃው ላይ ይሆናል። ዑመር ግን ሸክሙን መሸከም በሚችለው ላይ አደረጉት።

ያኩባ ሳዋዶጎ፦ በረሃ ውስጥ ጉድጓድ የቆፈሩት ገበሬ

ያኩባ ሳዋዶጎ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ ያቴንጋ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1946 ገደማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁርኣን እንዲቀሩ ወደ ማሊ ተላኩ። ሲመለሱ ዋሂጉያ ከተማ ገበያ ውስጥ ንግድ ጀመሩ።

በ1970ዎቹ የሳሕል ምድር በድርቅ ተመታ። ይህ ድርቅ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በ1966 ዓ.ም ወሎን ያራቆተው ረሃብ የዚያው ዘመን ነው። በያቴንጋ ብዙ ቤተሰቦች መንደራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ያኩባ ግን በ1980 አካባቢ ንግዳቸውን ትተው ወደ እርሻ ተመለሱ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። የአካባቢው ሰዎች እንዲህ ያለውን መሬት ዚፔሌ ይሉታል። ዝናብ ሲዘንብበት ውሃው ሳይሰርግ ተንሸራቶ ይሄዳል።

አባቶቻቸው ዛይ የሚባል ዘዴ ነበራቸው፤ ዘር የሚዘራበት ትንሽ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ያኩባ ጉድጓዱን ሰፋና ጠለቅ አደረጉት። ከዚያ ፍግና ብስባሽ ጨመሩበት። ፍጉ ምስጦችን ይስባል፤ ምስጦቹ አፈሩን ውስጥ ለውስጥ ይፈለፍሉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚያ ሰርጎ ሥሩ ዘንድ ይቆያል። በተዳፋቱ ላይም ድንጋይ በመደዳ እየደረደሩ ጎርፉን አበረዱ። ሥራውን በበጋ፣ ዝናብ ሳይመጣ ስለጀመሩት ባህሉን ጣሰ ተባሉ። ያበዱ መስሏቸው የሳቁባቸውም ነበሩ። እርሻቸውን ያቃጠለባቸውም ሰው ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

ማሽላው በቀለ። ከፍጉ ጋር የመጡ የዛፍ ዘሮችም አብረው በቀሉ። ያኩባ አልነቀሏቸውም። በዓመታት ውስጥ ባዶ የነበረው ምድር ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት ያለበት ጫካ ሆነ።

እስካሁን ያየነው የአንድ ጎበዝ ገበሬ ታሪክ ነው። የፍትሕ ታሪክ የሚያደርገው የሚከተለው ነው። ያኩባ ዕውቀቱን ለራሳቸው አልያዙትም፤ ከ1984 ጀምሮ እርሻቸው ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ የዛይ ገበያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ከብዙ መንደሮች የመጡ ገበሬዎች የዘር ናሙና ይዘው ይመጣሉ፤ ይለዋወጣሉ፤ የሠራላቸውንና ያልሠራላቸውን ይነጋገራሉ። በአገራችን 1977 ላይ የደረሰውን ረሃብ ስናስታውስ፣ በዚያው ዘመን አንድ ገበሬ ሌሎችን ሰብስቦ ዘር ሲያካፍል ማየት ልብ ይነካል። ኋላ ላይ ዓለም አወቃቸው። በ2018 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የምድር ጀግና ሽልማትን አገኙ። በ2023 መጨረሻ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው።

ታሪኩ ግን መራራ ክፍልም አለው። ዋሂጉያ ከተማ ስትሰፋ መሬታቸው በከተማው ክልል ውስጥ ተካተተ። በእጃቸው ያሳደጉት ጫካ ከፊሉ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ ተወሰደ። በረሃ ያላሸነፋቸው ሰው ለወረቀትና ለካርታ እጅ ለመስጠት ተቃረቡ። ምድርን ለሚያለማው ሰው የመሬቱ ሐቅ ካልተጠበቀለት ልማቱም እንደማይጸና ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሚሳሊ፦ ዓሣ አጥማጆቹና ኢማሞቹ

ሚሳሊ በዛንዚባር፣ ከጴምባ ደሴት ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ስሟ መስገጃ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት ኸድር (ዐ.ሰ) ወደዚያ መጥተው መስገጃ ጠየቁ፤ ሲጠፋ ደሴቷን ራሷን መስገጃ አደረጓት። በዙሪያዋ ያለው የኮራል ድንጋይ ዓሣ የሚራባበት ቦታ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ይኖራል።

ዓሣው እየቀነሰ ሲሄድ አንዳንድ አጥማጆች ፈንጂ መወርወር ጀመሩ። ፈንጂ ለዕለቱ ብዙ ዓሣ ያስገኛል፤ ነገር ግን ኮራሉን ሰባብሮ የነገውን ቤት ያፈርሳል። የመርከቡ ቀዳዳ ማለት በትክክል ይህ ነው። ሕግ ነበር፤ ባሕር ላይ ግን ሕግ አስከባሪ ሁልጊዜ አይገኝም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደሴቷ የጥበቃ ክልል ሆነች። በዚያን ጊዜ ከጠባቂዎችና ከአጥማጆች ማኅበር ጋር ለመሥራት ከመጡት መካከል ፋዝሉን ኻሊድ ይገኙበታል። እኚህ ሰው በቀድሞዋ ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ ተወልደው በብሪታንያ የኖሩ ናቸው። በ1994 በበርሚንግሃም ለእስላማዊ የአካባቢ ትምህርት የቆመ ድርጅት መሥርተዋል። በነሐሴ 2015 በኢስታንቡል ይፋ የሆነውን የአየር ንብረት ለውጥ እስላማዊ መግለጫ ካዘጋጁትም አንዱ ናቸው።

በሚሳሊ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ዓሣ አጥማጆችን፣ ኢማሞችንና መምህራንን አንድ ላይ አስቀምጠው ከቁርኣን ተነስተው ተወያዩ። የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ መሆኑን፣ ያለን ሁሉ አማና መሆኑን፣ አላህ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን ማኖሩንና በሚዛኑ ላይ ድንበር እንዳናልፍ ማዘዙን በሱረቱ ራሕማን አስታወሱ። በሱረቱ ሩም ደግሞ በየብስም በባሕርም የታየው ብልሽት በሰዎች እጅ ሥራ የመጣ መሆኑ ተነግሯል። ለአጥማጁ ይህ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ከልጅነቱ የሚያውቀው ንግግር ነው። ጀንደርማ በሌለበት ባሕር ላይም አላህ እንደሚያየው ያምናል። ከውሃው የተወሰነው ክፍል ጨርሶ እንዳይነካ ሲደረግ፣ ሌላው በባህላዊ መንገድ ለሚያጠምዱት ክፍት ሆኖ ቆየ። ይህም የሒማ አካሄድ ነው።

ይህ ሲባል በሚሳሊ ችግሩ ሁሉ ተወገደ ማለት አይደለም። የተራበ ሰው ባለበት ፈተናው አያልቅም። የሚሳሊ ትምህርት፣ ሰው በሚያምንበት ቋንቋ ሲነጋገሩት ጠባቂ እንደሚሆን ማሳየቱ ነው።

ሐሰን ፈትሒ፦ ያላለቀው መንደር

ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ (1900–1989) ለድሃው ገበሬ ቤት ማሰብ የጀመሩት ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቻቸው ለሀብታም ቪላ በሚነድፉበት ዘመን ነው። ሲሚንቶና ብረት ውድ ናቸው፤ ለጣሪያ የሚሆን እንጨትም በግብፅ ብርቅ ነው። በአስዋን አካባቢ የኑቢያ ግንበኞች ግን በጭቃ ጡብ ብቻ፣ ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት ጣሪያ ሲሠሩ አዩ። ጭቃው ከእግር ሥር ይገኛል። በቀን ሙቀቱን ያበርዳል፣ በሌሊት ብርዱን ይከላከላል። ገንዘቡም ለፋብሪካ ሳይሆን ለግንበኛው ይሄዳል። ለምድርም ለድሃም የሚበጅ አሳብ ነበር።

በ1940ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከሉክሶር ማዶ በጥንት መቃብሮች ላይ የሚኖሩትን የጉርና ነዋሪዎች ለማንሳት ወሰነ። አዲሱን መንደር እንዲሠሩ ለፈትሒ ሰጣቸው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ኑሮው የተለየ ቤት ለመንደፍ ተነሱ። መስጊድ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ሠሩ። መስጊዱ ዛሬም የሚደነቅ ነው።

ነዋሪዎቹ ግን አልመጡም። ኑሯቸው ከአሮጌው መንደር ጋር የተሳሰረ ነበር። ጉልላት ያለው ቤት መቃብር ይመስላል የሚል ቅሬታም ተነስቷል። ከቢሮክራሲው እንቅፋት ጋር ተደምሮ ሥራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳይጠናቀቅ ቆመ። ፈትሒ ታሪኩን ሳይሸፋፍኑ በመጽሐፍ ጻፉት፤ መጽሐፉም በዓለም ዙሪያ የአርክቴክቸር ተማሪዎች የሚያነቡት ሆነ።

ምን ጎደለ? ነዋሪዎቹ የተጠየቁት ቤታችሁ ምን ይምሰል ተብሎ ነው እንጂ መነሳት ትፈልጋላችሁ ወይ ተብሎ አልነበረም። ያ ውሳኔ ቀድሞ ከላይ ተወስኗል። ምክክሩ ከውሳኔው በኋላ ሲመጣ ንድፉ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። በአገራችንም ለከተማ መስፋፋት ወይም ለፕሮጀክት ሲባል ከመሬታቸው የሚነሱ ገበሬዎች አሉ። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ የሚሆን ሁሉ ጉርናን ልብ ውስጥ ይያዝ።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ

የፈጠራ ሰው ሲባል ብዙዎቻችን አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ይታየናል። ያኩባ ያሻሻሉት የአባቶቻቸውን ጉድጓድ ነው፤ ፋዝሉን ኻሊድ የተነሱት ሁላችንም ከምንቀራው ቁርኣን ነው፤ ፈትሒ የተማሩት ከኑቢያ ግንበኛ ነው። ፈጠራቸው ማንም ቦታ ያልሰጠውን ሰው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ላይ ነበር።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ ዕውቀት ሞልቷል። በመንዝ የጓሳ ሣር ቀሮ በሚባል ሥርዓት፣ በአባ ቀራ መሪነት ለዓመታት እየተዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ እየተከፈተ ለመቶዎች ዓመታት ተጠብቋል። የመንዝ ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው፤ አሠራሩ ግን ከሒማ ጋር ወንድማማች ይመስላል። እያንዳንዳችን ከመጣንበት ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለክረምት ስንመለስ ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ።

እዚህ ግቢ ውስጥስ? ከውዱእ እንጀምር። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ ውሃ ነበር፤ አንድ ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። አንድ ቀን ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጠን ውዱእ እናድርግና የተጠራቀመውን እንለካ። ከዚያ በግቢው ዙሪያ ውሃ በጀሪካን ገዝቶ የሚጠጣው ቤተሰብ ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ከካፌ የሚተርፈው ምግብ የት ይሄዳል? ፍሳሻችን ከአጥሩ ወጥቶ በማን ደጅ ያልፋል? የጣልነውን ፕላስቲክ ጎንበስ ብላ የምታነሳው እናት ስሟ ማን ነው? የመርከባችን የታችኛው ክፍል እነሱ ናቸው።

ጀመዓችን ችግኝ ለመትከልም ሆነ ለሌላ ሥራ ሲነሳ አራት ጥያቄዎችን አስቀድመን ብንወያይባቸው መልካም ነው፦

1. ጉዳቱ በማን ላይ እያረፈ ነው?
2. እነሱን ከመወሰናችን በፊት ጠይቀናል ወይስ ከወሰንን በኋላ?
3. ገደብ ካስፈለገ ሸክሙ መሸከም በሚችለው ላይ ነው ወይስ በደካማው?
4. እኛ ተመርቀን ከሄድን በኋላ ሥራውን ማን ይጠብቀዋል? ጥቅሙስ ለእሱ ይደርሰዋል?

አራተኛውን በተለይ አንርሳ። ተተክሎ ውሃ ያጣ ችግኝ ብዙ አይተናል። ዛፍ ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከእሱ ቢበላ ለተከለው ሰደቃ እንደሚሆንለት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሮናል፤ ለዚያ ግን ችግኙ መጽደቅ አለበት።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሳናቸው ሁለት መልሶች እንመለስ። «ሰው ሳይበላ ስለ ዛፍ?» ላለው ወንድማችን ያኩባ ሰው የሚበላው ዛፉና አፈሩ ሲመለስ መሆኑን አሳይተዋል። «ዲናችንን እንማር» ላለችው እህታችን ደግሞ ከዑመር ሒማ የበለጠ ምን የዲን ትምህርት አለ? የላይኛው ክፍል የደረሰን በዕጣ ነው፤ በብልጠታችን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ መግባታችንም እንደዚያው የአላህ ኒዕማ ነው፤ የምንጠየቅበትም ይሆናል።

አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።